ፊት ሠላሳ፣ ኋላ ስድሳ

ከሙዘይን ሱቅ ውስጥ፣ ሄርማታ ጥግ ላይ፣
ሁለት ጥንድ ቸርኬ ተንጠልጥሎ ሳይ፣
አንዱ ሠላሳ ሚሊ፣ አንዱ ሚሊ ስድሳ፣
ዓይኔ ጥልቁን አይቶ እንደ ሕፃን ሳሳ።
ጥቁር ነው፣ ካርቦን ነው፣ ጎኑ እንደ ከበሮ፣
በጥፍሬ ባንኳኳው የሚመልስ አብሮ፤
ሜዳ ላይ ሲከንፍ «ው…ው…» የሚለው፣
ከኋላ የቀረን አንጀት የሚያቆስለው።

«ለእሑድ ይሄን ግጠም።»
ግራሶ የነካው ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ስንት ኪሎ ነሽ?» አለኝ።
«ሃምሳ አንድ።»
«ከነቁርስሽ?»
«ከነቁርሴ።»
ዝም አለ። ቁልፍ ፈለገ።

የውድድሩ መንገድ ከአጂፕ ተነስቶ፣
ሰርቦ ደርሶ መልስ ነው፣ በቦዬ በኩል ወጥቶ።
ከተማ ውስጥ ነፋስ ጨዋ ነው፤ ግንብ ያስቆመዋል፣
የጥድ አጥር፣ የቆመ አይሱዙ ያደክመዋል።
ቦዬ ሲደርሱ ግን ከለላው ያልቃል፤
ከረግረጉ ማዶ ደንገሉ ሲተኛ፣ ያኔ ይታወቃል።
ከጎን ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት ቢመጣ
ጎንበስ ነው፣ ጥርስ መንከስ ነው፣ የመጣው ይምጣ፤
የጎን ነፋስ ግን ሐሜት ነው፤
ሰላም ብሎሽ ካለፈ በኋላ ነው የሚጥልሽ።

ሙዘይን ይሄን ሁሉ አልነገረኝም።
ከጓሮው አንድ ቆርቆሮ አወጣ፣
የቤት ክዳን፣ ምስማር የበሳው፣ ዳር ዳሩን ዝገት የበላው፤
ባጃጅ አስቆመ፤ እኛ ከውስጥ፣ ቆርቆሮው ግማሹ ከውጪ፣
«ሰው እንዳትቆርጡብኝ!» እያለ ሹፌሩ ቦዬ አደረሰን።

«በቁሙ ያዢው። ጎኑን ለረግረጉ ስጪው።
አሁን በነጩ መስመር ላይ ሂጂ።»
ሦስት እርምጃ ሄድኩ።
አራተኛውን ነፋሱ ሄደልኝ፤
ቆርቆሮው ሆዱን ነፍቶ፣ እኔን እንደ ጨርቅ ይዞ፣
ከአስፋልቱ አወጣኝ፣ ወደ ቦዩ ጉዞ።
ሳር የሚያጭዱ ሁለት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ሳቁ።

«አየሽ» አለ ሙዘይን፣ ቆርቆሮውን ከእጄ ሲቀበል፣
«እሱ ነው የፊት ጎማሽ። ጥልቀት ሸራ ነው፤ ሸራ ደግሞ አይታዘዝም።
ኋላ ይሁን፤ ኋላውን ተቀምጠሽበታል፣
ሃምሳ አንድ ኪሎም ብትሆኚ ይጫነዋል።
ፊት ግን መሪ አለ፤
መሪን ነፋስ ከመራው፣ ተከታዩ የት ይደርሳል?»
(ስለ ብስክሌት ብቻ እንደተናገረ ምሎልኛል።)

ተስማማን። ፊት ሠላሳ፣ ኋላ ስድሳ፤
በአንድ እግሩ ቡትስ፣ በአንዱ ሸበጥ እንዳደረገ ሰው
ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ፈትሂያ ሙሉ ስድሳ ገጥማ፣
ቸርኬዋ እንደ ጠገበ በቅሎ ጎን አብርቶ መጣች።

እሑድ።
ቦዬ ስንደርስ ክርኔን አላልቼ፣ ትከሻዬን አዘጋጅቼ፣
ደንገሉን አየሁ።
ቆሟል።
አንድ ቅጠል አይነቀነቅም፤ ሽመላ ውሃው ላይ ጥላዋን ታያለች።
ሰማዩ እንደ ተዘጋ ቤት።
ፈትሂያ «ው…ው…» እያለች አለፈችኝ፤
ሰርቦ ላይ ሃያ ሰከንድ፣ አጂፕ ላይ ሃምሳ፤
እሷ ወርቅ፣ እኔ አራተኛ፣ ፊት ሠላሳ፣ ኋላ ስድሳ።

በንዴት ሄድኩበት። «ነፋስህ የታለ?» አልኩት።
ራጂ እያጠበቀ ነበር፤ ቀና አላለም።
«ነፋስ ደሞዝተኛ አይደለም፣ ሰዓት አይፈርምም።
የመረጥሽው ለሚመጣው ነው፣ ለቀረው አይደለም።»
ደስ አላለኝም። ጥሩ አባባል አንገት ላይ አይንጠለጠልም።
«ሙሉ ስድሳውን ግጠምልኝ» ልል አፌን ስከፍት
አዛን አለ፤ ሱቁን ቆልፎ ሄደ።

ሰኞ ረፋድ ብቻዬን ወጣሁ።
ሰዓት የሚይዝ የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም፣
እነዚያ ሁለት ሳር አጫጆች ብቻ።
ደንገሉ ተኛ።
ከኋላዬ አንድ ነገር ገፋኝ፣ እንደ ተናደደ ሰው ትከሻ፤
ፊቴ ግን፣ ፊቴ
ነጩን መስመር ይዞ ቀጠለ።
አንደኛው አጫጅ ወገቡን አቅንቶ፣
«ዛሬስ ቆርቆሮው የታለ?» አለ።